«ልቤ ትር ትር ይላል»፦ ኮቪድና የልብ ምት

ባለፈው እሁድ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ በጤና ቀን ላይ ያወራሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ወረቀት አልያዝኩም ነበር፤ ስለዚህ እንዳስታወስኩት ነው፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። የምሠራው ቴሌሜትሪ የሚባል ክፍል ነው። ሕሙማን ደረታቸው ላይ ሽቦ ይለጠፍላቸውና የልብ ምታቸው ቀንና ሌሊት ስክሪን ላይ ይታያል። በ12 ሰዓት ፈረቃ ከሰው ፊት ይልቅ ያንን አረንጓዴ መስመር ነው የማየው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ2020፣ በሚያዝያ ወር፣ አንዲት እናታችን ገቡ። ኮቪድ ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ጠያቂ በዚያን ጊዜ አይገባም፣ ልጆቻቸው ታች ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። ገና ከድንገተኛ ክፍል መምጣታቸው ስለነበር ሽቦውም አልተለጠፈላቸውም። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ጠርቶ «ምን ይሰማዎታል?» አላቸው። «ልቤ ጥፍት ጥፍት ትልብኛለች» አሉ። አስተርጓሚው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተስፋ ቆርጫለሁ ነው የሚሉት።» ሐኪሙ ከልቡ አዘነ፤ የሚያጽናናቸው ሰው ይላክላቸው ብሎ ወጣ። እኔ ገብቼ ሽቦውን ስለጥፍ ልባቸው በደቂቃ 158 ይመታል። ያውም ሥርዓት የለውም፤ አንዴ ሁለቱን ያስከትላል፣ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ዝም ይላል። እማማ ምንም ተስፋ አልቆረጡም። የተሰማቸውን ነበር በትክክል የተናገሩት።

አማርኛችን ደግሞ በልብ ነገር አይቻልም። ልቤ መታ፣ ልቤ ራደ፣ ልቤ ትር ትር አለ፣ ልቤን አቃጠለኝ። የመጨረሻው እኮ ጨጓራ ነው! እዚህ አገር ሐኪም ፊት «ልቤን» ብላችሁ ከጀመራችሁ ወይ ለማያስፈልግ ምርመራ ትላካላችሁ፣ ወይ እንደ እማማ ሐዘን ይደረግላችኋል። ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ የማሳያችሁ አንድ ነገር ነው። ቀኝ እጃችሁን አምጡ። አመልካች ጣትና የመሃል ጣት። የግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ አጥንቱ ሥር ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትዳስሱ፣ እሱ የራሱ ትርታ ስላለው የራሳችሁን ጣት ትቆጥራላችሁ። አገኛችሁት? ሠላሳ ሰከንድ እይዛለሁ፤ ቁጠሩና በሁለት አባዙት።

(አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሕፃን ብቻ ጮኸ።)

ቁጭ ባለ ሰው ከ60 እስከ 100 ከሆነ ደህና ነው። ከቁጥሩ ሌላ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ምቱ እኩል እኩል ይመጣል ወይስ ይደናቀፋል? «ልቤ ትር ትር ይላል» ከማለት «ቁጭ ብዬ 130 ይመታል፣ ደግሞ ይደናቀፋል፣ የጀመረኝ ትናንት ማታ ነው» ማለት በየትኛውም ቋንቋ ቢተረጎም አይበላሽም።

አሁን ወደ ኮቪድ። ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። ኤሌክትሪኩን የምታስነሳው በቀኙ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ናት። እንግሊዝ አገር ማርቲን ፍላክ የሚባል የሕክምና ተማሪ የፍልፈል ልብ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነው ያገኛት፤ ከአስተማሪው ከአርተር ኪዝ ጋር በ1907 አሳተሙት። የፍልፈል ልብ ለማየት ምን እንደገፋፋው እንጃ፣ ግን እግዜር ይስጠው።

ሰርግ ቤት አስቡ። ከበሮውን የያዘችው አንዲት ሴት ናት። ሌላው ያጨበጭባል፣ ይቀበላል። እሷ ስታፈጥን ሁሉም ይፈጥናል፣ ስታረግብ ይረግባል። ደህና ልብ እንደዚያ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ችግር ሲመጣ ደግሞ (እኛ ሥራ ላይ ኤፊብ ነው የምንለው) ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱን ከበሮ ይዞ ይነሳል። የላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መኮማተሩን ይተዉና ይንቀጠቀጣሉ። ደም ጥግ ላይ ይቆማል፣ የቆመ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። የእማማም እሱ ነበር።

ወረርሽኙ ሲጀምር ያስደነገጠን ቁጥር የመጣው ከዉሃን ነው። የካቲት 2020 ላይ በወጣ ጥናት ሆስፒታል ከተኙ 138 ሕሙማን ከመቶ 17 ያህሉ የልብ ምት መዛባት ነበረባቸው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ደግሞ ከመቶ 44። ምን ዓይነት መዛባት እንደሆነ ግን ጥናቱ አልዘረዘረም። እኛ ያንን አንብበን «ቫይረሱ ልብ ውስጥ ገብቶ ሽቦ እየበጠሰ ነው» ነበር ያልነው። እኔም አምኜ ነበር። ለእህቴ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነግሬ አስፈራርቻታለሁ፣ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ከዚያ ፊላዴልፊያ የሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የ700 ሕሙማኑን መዝገብ አወጣ። 25ቱ ላይ አዲስ ኤፊብ ተገኝቷል። ልባቸው ቀጥ ያለባቸው 9 ነበሩ፣ ዘጠኙም ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ። ከዚያ ክፍል ውጭ አንድም የለም። ሐኪሞቹ የደረሱበት መደምደሚያ ያኔ እኛ በየፈረቃው ከምናየው ጋር ገጠመ፦ ልቡ የሚዛባው በአብዛኛው ሰውነቱ በሙሉ ስለታመመ ነው፣ ቫይረሱ ልቡን ብቻ ነጥሎ ስለያዘ አይደለም። በኋላ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ30 ሺህ በላይ ሆስፒታል የገቡ የኮቪድ ሕሙማንን መዝገብ ሲያይ አዲስ ኤፊብ የያዘው ከመቶ 5 ትንሽ ከፍ የሚል ሆኖ ተገኘ። ትንሽ አይደለም። ግን ከዉሃኑ ቁጥር ጋር አይገናኝም።

«ሰውነቱ በሙሉ ታመመ» ማለት ምን ማለት ነው? ትኩሳት ብቻውን በየአንድ ዲግሪው ልብን በደቂቃ ወደ 10 ምት ያፈጥነዋል። ሳንባ ሲዘጋ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ደግሞ ኦክስጅን ሲያጣ ይነጫነጫል። ሳንባ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀኙ የልብ ክፍል ግድብ እንደሚገፋ ሰው ይሆናል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመነጨው ቁጣም ራሱ የልቡን ኤሌክትሪክ ያውካል። አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻው ራሱ ይቆጣል፤ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ፖታሲየምን ነው። የምወደው ስል፣ ማስተካከል ስለሚቻል ነው። ሰው ለሦስት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ ምግብም ሳይቀምስ ሲቀር፣ ደሙ ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናት ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ መሃል መሃል ላይ ሰፋ ያለ፣ አስቀያሚ ምት ብቅ ይላል። አንድ። ከዚያ ሁለት ተከታትለው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አራት ተከታታይ ካየሁ ወንበሬ ላይ አልቆይም። ደም ተልኮ ፖታሲየሙ 2.9 ይመጣል፤ መሆን ያለበት ከ3.5 በላይ ነው። ከዚያ ያቺን ትንሽ ከረጢት ሰቅዬ በቀስታ አንጠባጥባለሁ፣ ምክንያቱም በፍጥነት ከገባ ራሱ ልብ ያቆማል። ሕመምተኛው «ክንዴን አቃጠልከኝ» ብሎ ይሰድበኛል፤ እውነቱን ነው፣ ያቃጥላል። ፈረቃዬ ሳያልቅ ያ አስቀያሚ ምት ከስክሪኑ ይጠፋል። ስድቡን ረስቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ክሎሮኪን ልምጣ፤ ይሄ የኛ ጉዳይ ነውና። ክሎሮኪንን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሁሉ ምሬቱ ምላሱ ላይ አለ። አገር ቤት እስካሁን ለአንዱ የወባ ዓይነት፣ ለቪቫክሱ፣ ይሰጣል። ስለዚህ መጋቢት 2020 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ክሎሮኪንና ወንድሙን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ሲያሞግሱ ብዙዎቻችን «እሱማ የኛው ነው!» አልን። የመድኃኒት መቆጣጠሪያው ኤፍዲኤ መጋቢት 28 ለሆስፒታል አስቸኳይ ፈቃድ ሰጠ። ሌጎስ ውስጥ አብዝተው ውጠው የተመረዙ ሰዎች ተገኙ። እዚሁ አሪዞና ውስጥ አንድ ሰው ለዓሣ ገንዳ ማጽጃ የተሠራውን ጠጥቶ ሞተ።

ችግሩ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ምት ካለቀ በኋላ ልብ ለቀጣዩ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል። ኢሲጂ ላይ (የልብ ኤሌክትሪክ የሚታተምበት ወረቀት ነው) ኪውቲ የምንለው ርዝመት ምቱ ከጀመረበት ቻርጁ እስካለቀበት ድረስ ያለው ነው። ክሎሮኪን ያንን ያረዝመዋል። አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ያረዝመዋል። ሁለቱም አንድ ላይ ነበር የሚሰጡት! ፖታሲየሙ በወረደ ሰው ላይ! ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ቀጣዩ ምት ቻርጁ ሳያልቅ ሊመጣና ልቡን ወደ ዕብድ ሽክርክሪት ሊወስደው ይችላል፤ ካልቆመ ሰውየው ይሞታል። በዚያ ሰሞን በየፈረቃው የምሠራው ይህንኑ ነበር፦ ወረቀቱን አትሞ ኪውቲን መለካት። 470፣ 485፣ 510። «ዶክተር፣ 510 ገባ፣ ላቁመው?» ብራዚል ማናውስ ላይ 81 ሕሙማንን ይዞ የጀመረ ሙከራ ከፍተኛውን መጠን የሚወስዱት ላይ ሞት ስለበዛና ኪውቲያቸው ስለረዘመ ያንን ወገን በጥድፊያ አቆመ። ኤፍዲኤ ራሱ ሚያዝያ 24 አስጠነቀቀ፣ ሰኔ 15 ፈቃዱን አነሳ። እንግሊዝ አገር ሪከቨሪ የሚባለው ትልቅ ሙከራ 4,700 ያህል ሰዎችን አወዳድሮ መድኃኒቱ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳየ። ሦስት ወር ሙሉ ለማይጠቅም ነገር የሰው ልብ ስንለካ ከረምን። ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ ባዶ እጅ መቆም ከባድ ነው። ግን «ቢጠቅምም ባይጠቅም ጉዳት የለውም» የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ በጣም ያናድደኛል።

ይህን ስል ቤታችን ያለውንም አስቤ ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ የልብ ሕመምተኛ ናት። በልጅነቷ ቶንሲሏ በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልቧን በር ያበላሸባት፤ አገር ቤት ብዙ አለ እንዲህ ያለ። ኤፊብም አላት፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። በኮቪድ ሰሞን ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ በራስ በራሱ በቀን በቀን። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ምንም አይደለም። ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ እንደ መድኃኒት አብዝቶ መብላት ግን መድማት ሊያመጣ ይችላል። ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ አልቆም ብሎ ሲደማ ነው የደወለችልኝ። ሽንኩርቱን ቀነሰች፣ ተመረመረች፣ ተስተካከለ። ዋርፋሪኑን ግን አላቆመችም፤ በራሷ ብታቆመው ኖሮ ስትሮኩን ነበር የምንፈራው።

ሆስፒታል ስላልመጡትም ላውራ። ጣሊያን ሎምባርዲያ ውስጥ፣ በሎዲ፣ በክሬሞና፣ በፓቪያና በማንቶቫ፣ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት መጨረሻ 2020 ድረስ ልባቸው ቤታቸው ወይም መንገድ ላይ ቀጥ ያለባቸው 362 ሰዎች ነበሩ፤ በቀደመው ዓመት በዚያው ጊዜ 229። ኒው ዮርክ ከተማ ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 25 ባለው ጊዜ አምቡላንስ ሠራተኞች ሊያነቁ የሞከሩት ሰው ከቀደመው ዓመት 1,336 ወደ 3,989 ዘለለ። ሁሉም ቫይረሱ ልባቸውን መትቶት አይደለም። ሆስፒታል ፈርቶ ቤቱ የተቀመጠ አለ፣ አምቡላንስ የዘገየበት አለ፣ ኦክስጅኑ ቀስ እያለ የወረደበት አለ። የኛ ሰው ደግሞ መፍራት ብቻ ሳይሆን «ሰው አላስቸግርም» የሚል ይሉኝታም አለበት። ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ደረቱን ጨብጦ ሦስት ቀን ቤቱ ተኝቷል፤ ለምን ስለው «ጎረቤት አምቡላንስ ቢያይ ምን ይላል» አለኝ። ዳነ። እስካሁን ግን እጣላዋለሁ።

ኳስ ተጫዋቹን ኤሪክሰንን የማያስታውስ አለ? ሰኔ 12፣ 2021፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ፣ ሜዳ ላይ ዝርግት ሲል። በዚያው ማታ ቴሌግራሙ ሁሉ «ክትባቱ ነው» አለ። የክለቡ የኢንተር ሚላን ዳይሬክተር ማሮታ ወጥቶ አልተከተበም፣ ኮቪድም አልያዘውም አለ። ወሬው ግን ቀድሞ አገር አዳርሷል። ኤሪክሰንን ያተረፈው እዚያው ሳሩ ላይ ደረቱን የተጫኑት ሰዎችና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው ማሽን ናቸው። ልብ የሚቆጣጠር መሣሪያ ተገጥሞለት በየካቲት 2022 ለብሬንትፎርድ ተጫወተ። ስለዚህ ሰው ዝርግት ብሎ ካልተነፈሰ ውኃ አትርጩበት፣ ክብሪት አታሽትቱት። 911 ደውሉ፣ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጅ ደራርባችሁ 5 ሳንቲሜትር ያህል እስኪሰምጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ከሞላ ጎደል የእስክስታ ፍጥነት ነው።

ክትባቱን ከነካሁት አይቀር፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት አመጣ? አዎ፣ ጥቂት ሰው ላይ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ። መደበቅ አያስፈልግም። እስራኤል ውስጥ በፋይዘር ክትባት ላይ ተጠንቶ ነሐሴ 2021 የወጣው እንዲህ ይላል፦ ከ100 ሺህ ሰው ውስጥ ክትባቱ የጨመረው ወደ 3 ሰው፣ በሽታው ራሱ የጨመረው 11 ሰው። የልብ ምት መዛባትም የጨመረው በበሽታው ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በድምፅ የሚልኩትን ወሬ ስትሰሙ እዚያው አገር የተቆጠረውን ይህንንም አስታውሱ። የልብ ጡንቻው ተቆጥቶ የተገኘ ወጣት ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ኳስም ሩጫም የለም። እናቶች፣ «ተሻለኝ» ቢላችሁ አትስሙት።

ከዳኑ በኋላ ያለው ደግሞ አለ። «ኮቪድ ከያዘኝ ወዲህ ቅዳሴ መቆም አቃተኝ» ያሉኝ አንድ ሁለት ሰው አይደሉም። አንዷ ወጣት ናት፣ መቋሚያ ይዛ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታስቀድሰው። ኢሲጂዋ ደህና፣ ደሟ ደህና። «ጭንቀት ነው» ተብላ ተመልሳለች፣ ሁለት ጊዜ። ቤቷ ሄጄ አስተኛኋት፤ አሥር ደቂቃ ተኝታ 74። ቀጥ ብላ ቆመች፣ አልተንቀሳቀሰችም፤ በአምስተኛው ደቂቃ 121። ተኝቶ ከነበረው በ30ና ከዚያ በላይ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ የደም ግፊት ሳይወርድ ሲጨምር ፖትስ የሚባል ነገር ይጠረጠራል፤ ቆመን ሳለን ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የሚቆጣጠረው ነርቭ ሥራው ተዛብቷል ማለት ነው። ከኮቪድ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ታይቷል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ ሐኪሟ ጋ ሄደች። ውኃ በብዛት፣ ጨው ጨመር (ይሄ ግፊት ላለበት አይሆንም!)፣ እግር የሚያጠብቅ ካልሲ፣ ተኝተው የሚሠሩት ስፖርት። አሁን ወንጌል እስኪነበብ ትቆማለች።

ጥያቄ ብዙ ነበር። ቡና? ጠጡ፤ ልባችሁን የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን ቶናውን ትታችሁ በረካውን ያዙ። ጫት? ልብ ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ከኮቪድ ማግስት ልቡ የሚደናቀፍበት ሰው ባይቅም ይሻለዋል። እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት «ኤፊብ» ካለ? ሰዓቱ ሐኪም አይደለም፣ ግን ናቁት አልልም፤ አሳዩት። መቼ ነው 911? ራስን ከሳቱ፣ ደረት ከጨመደደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ቁጭ ብለው ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ሲል ማዞር ከተጨመረበት።

ንግግሩ አልቆ ቡና ሲቀዳ አንድ አባት መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ቆጥሬ ነበር፣ አንዴ 80 አንዴ 110 ይመጣብኛል። መቁጠር አልችልም መሰለኝ።» ጣቴን አሳረፍኩ። መቁጠር ይችላሉ። አንጓቸው ሥር ሁሉም የየራሱን ከበሮ ይመታ ነበር። ካቻምና ኮቪድ ይዟቸው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሲወጡ እንደሚደክማቸው፣ «እርጅና ነው» ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ከማን ጋር እንደመጡ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ኮታቸውን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሊወስዳቸው መኪናውን ለማምጣት ሮጠ። እሳቸው ግን ሲኒያቸውን ይዘው፣ «ቶናዋን ሳልጨርስ አልነሳም» አሉ።